የመቀስ ሲሶ

የምስክርነት ቃል

የምርመራ መዝገብ ቁጥር፦ 318
የምስክር ስም፦ ሙሉ ስም በተለየ ቅጽ ተይዟል፤ በሥራ ቦታ የሚታወቁበት መጠሪያ «መቀስ»
ዕድሜ፦ 51
ሥራ፦ በክልሉ ፋይናንስ ቢሮ የበጀት ዝግጅት ከፍተኛ ባለሙያ፣ የ23 ዓመት አገልግሎት
አድራሻ፦ የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ፣ ሕንፃ 4፣ ሦስተኛ ፎቅ
ከተጠርጣሪው ጋር ያላቸው ዝምድና፦ ታላቅ እህት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ረቡዕ የካቲት 14 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡20 ጀምሮ
ቦታ፦ ፖሊስ ጣቢያ፣ ምርመራ ክፍል፣ ቢሮ ቁጥር 6

እኔ ከላይ የተመዘገብኩት ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ከጠዋቱ 2፡30 ላይ ወደ ጣቢያው የመጣሁ ሲሆን፣ መርማሪው ከስብሰባ እስኪወጡ ሃምሳ ደቂቃ ኮሪደሩ ላይ ስመላለስ ቆይቻለሁ። ወንበር ተሰጥቶኝ ነበር፤ መቀመጥ ግን አልቻልኩም። አሁንም ቃሌን የምሰጠው ቆሜ ነው። ወንድሜ ዛሬ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ፍርድ ቤት እንደሚቀርብና ፖሊስ ተጨማሪ አሥራ አራት ቀን ሊጠይቅበት መሆኑን ስለሰማሁ፣ ይህ ቃል ከዚያ በፊት ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝልኝ እጠይቃለሁ። በራሴ አነጋገር ይጻፍልኝ ስላቸው መርማሪው «በተቻለ መጠን» ብለውኛል።

ወንድሜ የደን ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው። የተጠረጠረውም ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሜትር የእሳት መከላከያ መስመር ሊያስጠርግ በጀት ተፈቅዶለት፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትሩን ሳያስጠርግ ገንዘቡን በልቷል፣ በዚህም ምክንያት ጥር 29 ቀን የተነሳው እሳት ባልተጠረገው በኩል ገብቶ አሥራ አንድ ቤትና ሦስት መቶ ሰማንያ ሄክታር ደን አቃጥሏል በሚል መሆኑን አውቃለሁ። የእሳት መከላከያ መስመር ማለት በደኑ ጠርዝ አሥር ሜትር ስፋት ያለው፣ ሣሩና ቁጥቋጦው ተነቅሎ አፈሩ እስኪታይ የተጠረገ መሬት ነው፤ እሳት የሚበላው ሲያጣ እዚያ ላይ ይቆማል። የአሥራ ሁለቱን ኪሎ ሜትር ገንዘብ ወንድሜ አልበላውም። እጁም አልገባም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እስከ ትናንት ድረስ በክልሉ መጠባበቂያ ሒሳብ ውስጥ አለ፤ ከቢሮ ስወጣ አይቼ ነው የመጣሁት።

በመሥሪያ ቤታችን «መቀስ» ይሉኛል። ፊት ለፊት «እትዬ» ነኝ፤ ዞር ስል «መቀስ መጣች፣ መቀስ ሄደች» ነው። አልከፋበትም ነበር። ስሙን ያወጣልኝ ሥራዬ ነው። የክልሉ መሥሪያ ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት የበጀት ጥያቄያቸውን በሚያዝያ ያቀርባሉ፤ ጥያቄው እኔ ጠረጴዛ ላይ ይመጣል፤ እኔም ከእያንዳንዱ ላይ ሲሶውን በቀይ እስክሪብቶ እቆርጣለሁ። ይህን የሚያውቁ ኃላፊዎች ሁሉ ጨምረው ነው የሚጠይቁት። ሁለት መኪና የሚያስፈልገው ሦስት ይጠይቃል፣ እኔ አንዱን እቆርጣለሁ፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል፣ ኮሪደር ላይ ሲደርስ ይስቃል። እንደሚስቅ አውቃለሁ፤ ማወቄንም ያውቃል። ይህን ጭማሪ ሁላችንም «የመቀስ ሲሶ» እንለዋለን። መርማሪው «በመመሪያ የተጻፈ ነው?» ብለው ስለጠየቁኝ፣ አልተጻፈም፣ ማንም ሊሽረው ያልቻለው ስላልተጻፈ ነው ብዬ መልሻለሁ።

ወንድሜን ሠራተኞቹ «ሜትሩ» ይሉታል። በልጅነቱ ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ በእርምጃ ቆጥሮ፣ በማግስቱ ሦስት እርምጃ ስለጨመረበት «መንገዱ ረዘመ» ብሎ ያለቀሰ ልጅ ነው። እናታችን ስትሞት እሱ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ አምስት። ከዚያ በኋላ እናቱም እኔ፣ እህቱም እኔ ነኝ። «እታለም» ነው የሚለኝ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ስለሆነ፣ በሚያዝያ ያቀረበው የበጀት ጥያቄ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት፣ አሁን ጡረታ የወጡት ኃላፊ፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር ሃያ ሠራተኛ የሚበቃውን ሠላሳ ብለው ይጽፉ ነበር። እኔ አሥሩን እቆርጣለሁ፣ ሃያው ይቀራል፣ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ይጠረጋል። ወንድሜ ሃያ የሚበቃውን ሃያ ብሎ ጻፈ።

ሚያዝያ 17 ቀን ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት በቢሯችን አዳራሽ የበጀት ጥያቄዎች ተሰምተዋል። የዓመቱ መሪ ቃል የአካባቢ ጥበቃ ስለነበር ከመድረኩ በላይ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር። ከወንድሜ በፊት የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ስለ አምስት መኪና ጥያቄያቸው ሲናገሩ «ይሄ አጥንቱ ነው፤ ሥጋ የሚባል የለበትም» ብለው ተቀመጡ። ወንድሜ ቀጥሎ ካርታውን ይዞ ተነሳና «ይህን መስመር በእግሬ ሄጄ ነው የለካሁት። ከዚህ ላይ ከተቀነሰ መስመሩ ይጎድላል እንጂ ሥራው አይቀልም» አለ። የቢሯችን ኃላፊ «ሁላችሁም በእግራችሁ ለክታችሁ ነው የምትመጡት» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ወንድሜ ጨርቁን አሻቅቦ አይቶ «ቅጠሉም እኮ በጀት ይፈልጋል» አለ። ከልቡ ነው ያለው፤ ቀልድ መስሏቸው የበለጠ ሳቁ። እኔም ስቄአለሁ። ይህ በቃሌ ውስጥ እንዲመዘገብ እፈልጋለሁ። ወደ እኔ ሲያይ ወረቀት አገላበጥኩ።

ግንቦት 4 ቀን ከቀኑ 9፡30 ላይ የእሱ ወረቀት ተራው ደረሰ። እጄ ቆመ። «ይሄ ሰው አይጨምርም» የሚል ነገር ውስጤ ተናግሮኛል፤ የዓምናውን ፋይል ብከፍት ሠላሳውን ከሃያው ጋር አስተያይቼ በሁለት ደቂቃ ማረጋገጥ እችል ነበር። አልከፈትኩትም። የፈራሁት ይህን ነው፦ የአርባ መሥሪያ ቤት ሲሶ ቆርጬ የወንድሜን ብቻ ባሳልፍ «ለሥጋዋ አደላች» እባላለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ማንም ይህን ብሎኝ አያውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን ስልክ ደውዬ «እውን ይሄ ልኩ ነው?» ብዬ እጠይቀው ነበር፤ ከአንዳንዶቹ ጋርም አድርጌዋለሁ። ወንድሜ ስለሆነ አልደወልኩም። ወንድሜ ባይሆን ኖሮ መስመሩ ይጠረግ ነበር። ይህን ሐሳብ ከአእምሮዬ ማውጣት ስላልቻልኩ ከጥር 29 ወዲህ ደህና እንቅልፍ አላውቅም።

ከቁጥሩ ጎን ያለው የምክንያት ዓምድ ባዶ መተው ስለማይቻል «ባለፉት ሦስት ዓመታት በአካባቢው የእሳት አደጋ ስላልተመዘገበ» ብዬ ጽፌያለሁ። የጽሑፉ እጅ የእኔ ነው። ገጹን ከፋይሉ አውጥቼ ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ። እሳት ያልተመዘገበው መስመሩ በየዓመቱ ስለሚጠረግ መሆኑን ስጽፈው አላጣሁትም፤ ዓምዱ ግን ጠባብ ነው፣ አንድ መስመር ብቻ ይይዛል፣ እሷም ሞላችው።

መርማሪው ገንዘቡ ከተቆረጠ እንዴት ዕቅዱ ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሜትር ሆኖ ሊቆይ እንደቻለ ጠይቀውኛል። በእኛ አሠራር ገንዘቡ ይቆረጣል እንጂ ዕቅዱ አይቆረጥም። ዕቅድ የሚያጸድቁት አምስተኛ ፎቅ ናቸው፣ በጀት የምንቆርጠው ሁለተኛ ፎቅ ነን፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጭማሪ ለጠየቀ ሰው ይህ ችግር አይደለም፤ የቀረው ገንዘብ ለዕቅዱ ይበቃዋል። ልኩን ለጠየቀ ሰው ግን ወረቀቱ ላይ ሠላሳ ሰባት እንዲሠራ ታዝዞ፣ በእጁ የሃያ አራት ገንዘብ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ያልሠራው ሁሉ ጉድለቱ ነው።

ሐምሌ ውስጥ በአንድ እሑድ ወንድሜና ሚስቱ እኔ ቤት ምሳ በሉ። በጀቱ ጸድቆ ደርሶታል። ሚስቱ ሳህን ልታነሳ ወደ ጓዳ ስትገባ ወሬውን የጀመርኩት እኔ ነኝ። «አንተ ሰውዬ፣ እንደ ሰው ትንሽ ጨመር አድርገህ ብትጠይቅ ምን ነበረበት?» አልኩት።

«እታለም፣ የሌለ ሠራተኛ ከየት አምጥቼ ልጨምር?»

«ለመቆረጫ ነዋ። ሁሉም የሚያደርገው ነው።»

«የምትቆርጪው አንቺ አይደለሽ እንዴ? አለመቁረጥ አትችይም?»

«ላንተ ብቻ ሳልቆርጥ ብቀር ምን ይሉኛል?»

ሳቅ ብሎ «ይሁን። እስከሚያደርሰኝ አስጠርጋለሁ። የቀረውን አምላክ ይጥረገው» አለ። እኔም ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ፍራፍሬ አቀረብኩ። ዛሬ ሳስበው ጥያቄውን አልመለስኩለትም። አለመቁረጥ እችል ነበር።

ጥርጊያው በጥቅምት ተጀምሮ ታኅሣሥ 2 ቀን ገንዘቡ ሲያልቅ ቆሟል። የተጠረገው ሃያ አራት ኪሎ ሜትር ከስድስት መቶ ስልሳ ሜትር ነው፤ አስልታችሁ እዩት፣ የሠላሳ ሰባት ሁለት ሦስተኛው ነው። ወንድሜ ቤት ከሚበዛበት በኩል ስላስጀመረ ያልተጠረገው አሥራ አንድ ቤት ብቻ ያለበት የኮረብታው ጀርባ ነው። ጥርጊያው ያለቀበት ቦታ ላይም ነጭ ቀለም የተቀባ ችካል ተክሎ «24.66» ብሎ ጽፎበታል። ገንዘብ ሊበላ ያሰበ ሰው የበላበትን ቦታ በችካል አያመለክትም። መርማሪው ይህ የእኔ አስተያየት እንጂ ማስረጃ አለመሆኑን ነግረውኛል፤ ይሁን፣ አስተያየት ተብሎ ይጻፍልኝ።

ታኅሣሥ 8 ቀን ወንድሜ ለቀረው አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ከመጠባበቂያው ተጨማሪ በጀት እንዲፈቀድለት ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት በኩል ገብቶ ታኅሣሥ 10 ቀን «ለአስተያየት» ተብሎ ወደ እኔ ተመራ። አንድ ገጽ ነው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ነፋሱ በጥር መጨረሻ አቅጣጫውን ስለሚቀይር ከዚያ በፊት ቢፈቀድልን» ይላል። አንብቤው መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። የግማሽ ዓመቱ ግምገማ የካቲት 5 ቀን ስለነበር፣ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጥያቄዎች ጋር አብሬ ላቀርበው ነው ያሰብኩት። ነጥዬ ባቀርበው፣ ነጥዬ ያቀረብኩት የወንድሜን ይሆናል። መሳቢያውን በቀን አሥር ጊዜ እከፍተዋለሁ፤ ስቴፕለሩ እዚያ ነው። ደብዳቤውን በቀን አሥር ጊዜ አየው ነበር ማለት ነው።

ጥር 29 ቀን ማክሰኞ ከቀኑ 7፡40 ላይ ስልኬ ጠራ። ወንድሜ ነው። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «እታለም፣ እሳት ተነስቷል። ሁለት የውኃ ቦቴ ከከተማ ይላክልኝ፤ የነዳጁን ከመጠባበቂያ አስፈቅጂልኝ» አለኝ። እኔም «በደብዳቤ ጠይቅ» አልኩት። ሳላስበው ከአፌ የወጣ ነው፤ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። በስልኩ ውስጥ እንጨት ሲንጣጣ ይሰማኛል። ወንድሜ «እታለም፣ እዚህ ወረቀቱ ይቃጠላል» አለና ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ሮጫለሁ። ኃላፊያችን ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ጸሐፊያቸው አላስገባ አለችኝ፤ ገፍቼ ገባሁ። ፊርማው የተገኘው 9፡15 ላይ ነው። ቦቴዎቹ ከከተማ የወጡት 10፡05፣ የደረሱት 12፡30 ላይ ነው። ቤቶቹ በዚያን ጊዜ ተቃጥለው አልቀዋል። ሰው ያልሞተው ወንድሜና ሠራተኞቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ሁሉንም ስላስወጡ ነው። የተጎዱት ከእሳት መጠበቂያው ማማ ላይ እስከ መጨረሻው በሬዲዮ ሲያስጠነቅቁ የቆዩት ጠባቂ ብቻ ናቸው፤ ሲወርዱ መሰላሉ ግሎ እጃቸው ተቃጠለ።

ለተጎጂዎች መርጃ የካቲት 1 ቀን የተፈቀደው ገንዘብ ወንድሜ በደብዳቤ ከጠየቀው አራት እጥፍ ነው። በአንድ ቀን ነው የተፈቀደው፣ ሲሶው አልተቆረጠም፣ ደብዳቤም አልተጠየቀበትም። ፈራሚዋ እኔ ነኝ።

ቀጥሎ ሰባት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ኮሚቴው ዕቅዱን ከአምስተኛ ፎቅ ወሰደ፣ ሠላሳ ሰባት የሚል አገኘ፤ መስመሩን ለካ፣ ሃያ አራት አገኘ፤ ልዩነቱ ተበልቷል ብሎ ጻፈ። ሁለተኛ ፎቅ የመጣ የለም። ሪፖርቱ በወጣ ዕለት ኃላፊያችን ደረጃው ላይ አግኝተውኝ «እትዬ፣ ያልተጠየቁትን አይናገሩ። ለጡረታ ዘጠኝ ዓመት ነው የቀረዎት» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለእኔ አስበው ነው። ወንድሜ የካቲት 7 ቀን ተያዘ። እኔም እስከ ትናንት ያልተጠየቅሁትን አልተናገርኩም።

መርማሪው «ለምን ሰባት ቀን ዝም አሉ?» ብለው ጠይቀውኛል። ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሥራዬን ፈራሁ፣ ስሜን ፈራሁ፣ ኮሪደሩን ፈራሁ። ወንድሜ ራሱ ቃሉን ሲሰጥ በጀቱ መቆረጡንና ደብዳቤ መጻፉን ይናገራል፣ ያኔ እጠራለሁ፣ ተጠርቼ ብሄድ ይሻላል እያልኩ በየቀኑ ስልኬን ስጠብቅ ነበር። የጠራኝ የለም። ማታ ማታ ቤቴ ውስጥ ከበር እስከ መስኮት እመላለሳለሁ፤ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። መቁጠር የጀመርኩት አሁን ነው፤ ለካ ይረዳል።

የካቲት 12 ቀን ከቀኑ 10፡00 ሰዓት ላይ የማማውን ጠባቂ ሆስፒታል ሄጄ ጠይቄአቸዋለሁ። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ «አባ ማማ» ይባላሉ። ሁለት እጃቸው እስከ ክርን በፋሻ ተጠቅልሏል። ከአሥራ አንዱ ቤት አንዱ የእሳቸው መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ነው። ስገባ አተኩረው አዩኝና «የሜትሩ እህት ነሽ፤ ዓይንሽ ያሳብቃል» አሉኝ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

«ልጄ፣ ጭሱን ያየሁት በሰዓቱ ነው። እሳቱ ደርሶ ከተጠረገው ላይ ቆመልኝ። እሰይ ብያለሁ። ከዚያ ጠፋ እንዳይመስልሽ፣ አልጠፋም፤ ደጅ እንደተዘጋበት ሰው ዳር ዳሩን ይሄድ ጀመር። እኔ ከላይ አየዋለሁ። ችካሉ ጋ ሲደርስ ገባ። በቃ፣ በሩን አገኘው።»

ችካሉ ሲተከል እዚያ ነበሩ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ነበርኩ እንጂ። "አባ፣ ገንዘቡ እዚህ ጋ አለቀ" አለኝ። "ማነው የቆረጠብህ?" አልኩት። "አሠራሩ ነው" አለኝ። ልጄ፣ እኔ ወረቀት አላውቅም። ግን ይሄ አሠራር የምትሉትን ሰውዬ አንድ ቀን ባገኘው፣ ያችን ማማ አውጥቼ ነፋሱን ባሳየው ደስ ይለኛል።» ብለው በጥርሳቸው ሳቁ፤ እጃቸውን ማንቀሳቀስ ስለማይችሉ ትራሱን እኔ አስተካከልኩላቸው። ማን እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም። ከዚያ ወጣሁ። ዛሬ እዚህ ያመጣኝ ያ ነው። ትናንት መሳቢያዬን ከፍቼ ደብዳቤውን አወጣሁ፣ ከፋይሉም ቀይ እስክሪብቶ ያለበትን ገጽ፤ ሁለቱንም ለመርማሪው አስረክቤአለሁ።

ለቀረበልኝ ተጨማሪ ጥያቄ፦ በበጀቱ ቆረጣ ያገኘሁት ጥቅም የለም። ወንድሜ ይህን ቃል እንድሰጥ አልጠየቀኝም፤ ከተያዘ ወዲህም አልተገናኘንም። ሁለት ጊዜ ልብስ ልኬለታለሁ፣ ሁለቴም «ደህና ነኝ፣ አትምጪ» የሚል መልእክት ነው የመጣልኝ። የማይፈልገኝ ተቀይሞኝ ነው ብዬ ነበር።

በዚህ ጊዜ መርማሪው ከመዝገቡ የወንድሜን ቃል አውጥተው ይህን ክፍል አነበቡልኝ፦ «የቀረውን አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያላስጠረግሁት አያስፈልግም ብዬ በራሴ ስለወሰንኩ ነው። ተጨማሪ በጀት ጠይቄ አላውቅም። የጻፍኩት ደብዳቤ የለም።» ቀጥለውም የጽሕፈት ቤቱ የወጪ ደብዳቤዎች ፋይል ሲፈተሽ የታኅሣሥ 8 ቀን ቅጂ ከቦታው ተነቅሎ መገኘቱን፣ የተነቀለበት የወረቀት ቁራጭ ግን ቀለበቱ ላይ እንዳለ ነገሩኝ።

ወንበሩን ስቤ የተቀመጥኩት አሁን ነው። መርማሪው ውኃ አስመጥተውልኛል።

ይህን በሚመለከት የምሰጠው ቃል የሚከተለው ነው። ቅጂውን የነቀለው ወንድሜ ነው። ደብዳቤው ከተገኘ «ማን ጋ ነው የተቀመጠው?» እንደሚባል ያውቃል፤ እኔ ጋ መሆኑንም ያውቃል። ሰባት ቀን ሙሉ እኔ እሱ ስሜን እስኪጠራ ስጠብቅ፣ እሱ እዚህ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ሆኖ ስሜን ከነገሩ ሲያወጣ ነበር። ወንድሜ በአርባ አራት ዓመቱ የሌለ ነገር በቁጥር ላይ ጨምሮ አያውቅም። ለመስመሩ አልጨመረም፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲስቅበትም አልጨመረም። በሕይወቱ የጨመረው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም በራሱ ላይ፣ ለእኔ ብሎ። ስለዚህ የወንድሜ ቃል ሐሰት ነው ብዬ እመሰክርበታለሁ። ወንድሟን ለማስፈታት ውሸታም ነው ብላ ፖሊስ ጣቢያ የመጣች እህት ከእኔ በፊት ካለች አላውቅም። ችካሉ ትክክል ነው፤ ደብዳቤው ትክክል ነው፤ ቀዩ መስመር የእኔ ነው። በዚህ የሚመጣብኝን እቀበላለሁ።

መርማሪው ቃሉ ብዙ ገጽ በመሙላቱና ወደ ፍርድ ቤት የሚሄደው መኪና 7፡30 ላይ ስለሚነሳ፣ «ከምሳው፣ ከችካሉና ከሆስፒታሉ ላይ ትንሽ ብናሳጥረውስ?» ብለው ጠይቀውኛል። ምን ያህል ስላቸው «ሲሶ ያህል» አሉ። ለቀልድ አላሉትም፤ እኔም አልሳቅሁም። እንዳይነካ ብያለሁ።

ይህ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። የሌለ ነገር አልጨመርኩበትም፤ ካለው ላይም አንድ ቃል እንዲቆረጥ አልፈቅድም። ልኩ ይኸው ነው።

የምስክር ፊርማ፦ ____________ ከቀኑ 6፡50

የቃል ተቀባይ መርማሪ ፊርማ፦ ____________

አባሪ፦ አንድ ገጽ የበጀት ጥያቄ (በቀይ እስክሪብቶ የታረመ)፤ የታኅሣሥ 8 ቀን ደብዳቤ፣ አንድ ገጽ